ጋስትሮጋርድና የባልዲ ዱቄቶች፦ የጨጓራ ቁስለት ለሚመላለስበት ፈረስ የቱ ያዋጣል?

ለፈረስ ጨጓራ ተብሎ የሚሸጠው ነገር ብዙ ነው። በስሪንጅ የታሸገ ፔስት፣ በባልዲ የሚመጣ ዱቄት፣ እንክብል፣ ዘይት፣ የዕፅዋት ጭማቂ አለ፤ ሁሉም ማሸጊያው ላይ ሆድን እንደሚያረጋጋ ይናገራል። ቁስልን ማዳን ግን አንድ ሥራ ነው፤ የዳነው እንዳያገረሽ መጠበቅ ሌላ። ይህ ግምገማ በዋናነት ጋስትሮጋርድ የሚባለውን፣ ኦሜፕራዞል የተባለ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት የያዘውን ፔስት ይመለከታል፤ ከጎኑ የሚሸጡትንም እግረ መንገዱን ይዳስሳል። ፍርዱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ ፔስቱ በአግባቡ ከተሰጠ ለላይኛው የጨጓራ ክፍል ቁስል የሚወዳደረው የለም፤ ለታችኛው ክፍል ብቻውን አይበቃም፤ ከዱቄቶቹ አብዛኞቹ ደግሞ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል አንድ ኪሎው የሚሠራውን ያህል እንኳ አይሠሩም።

ላይኛውና ታችኛው የሚለው ልዩነት ግዢውን ይወስናል። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ግዝፈት አንጻር ትንሽ ነው፤ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው። የላይኛው ሲሶ ዕጢ የለውም፤ ከአሲድ የሚከልለው ንፍጥም የለውም። የታችኛው ሁለት ሲሶ አሲዱን ራሱ ያመነጫል፤ ራሱንም በንፍጥና በባይካርቦኔት ይከላከላል። አሲዱ ፈረሱ በላም አልበላም ሌት ተቀን ይመነጫል፤ ምራቅ ግን የሚወጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። ግርግሙ ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር አሲዱን የሚያለዝበው ነገር ይጠፋል። በዚያ ላይ ፈረሱ ወደ ሶምሶማና ግልቢያ ሲገባ ሆዱ ይጨመቅና አሲዱ ወደ ላይ እየተገፋ መከላከያ የሌለውን ክፍል ያቃጥላል። በሥልጠና ላይ ያሉ የእሽቅድምድም ፈረሶች አብዛኞቹ ይህ ቁስል የሚገኝባቸው በዚህ ምክንያት ነው። የታችኛው ክፍል ችግር ግን መነሻው የመከላከያው መድከም ነው እንጂ የአሲድ መብዛት ብቻ አይደለም። የአውሮፓ የፈረስ ውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የጋራ አቋም ሁለቱ እንደ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች እንዲታዩ ያሳሰበው ለዚህ ነው።

ከውጭ በማየት አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። እህሉን ትቶ ድርቆሽ የሚመርጥ፣ የኮርቻው ማሰሪያ ሲጠብቅ የሚናከስ፣ ጠጉሩ የደበዘዘ፣ ከበላ በኋላ ቀለል ያለ ቁርጠት የሚይዘው ፈረስ ቁስለት ሊኖርበት ይችላል፤ የጥርስ፣ የጀርባ ወይም የኮርቻ ችግርም ሊሆን ይችላል። የሚያረጋግጠው 3 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የጋስትሮስኮፒ ካሜራ ጨጓራውን ማየት ነው። ለዚህ ፈረሱ 16 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምስ መቆየት አለበት፤ ሐኪሙም የላይኛውን ክፍል ቁስል ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። ምርመራው ያስወጣል፤ የ28 ቀን ፔስትም ያስወጣል። ሳያስመረምር ፔስት የገዛ ሰው ፈረሱ የታመመው በታችኛው ክፍል ከሆነ አብዛኛውን ገንዘብ ያለ ቦታው ያውለዋል።

ወደ ፔስቱ እንምጣ። ከእያንዳንዱ 100 ግራም ውስጥ 37 ግራሙ ኦሜፕራዞል ነው። በአሜሪካ ገበያ ያለው ስሪንጅ 2.28 ግራም መድኃኒት ይይዛል። የሕክምናው መጠን በቀን አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 4 ሚሊግራም ስለሆነ፣ አንድ ስሪንጅ እስከ 570 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ የአንድ ቀን መጠን ነው። በሌሎች አገሮች የሚሸጠው ስሪንጅ ተለቅ ሊል ይችላል፤ መግፊያው ላይ ያለው ምልክትም በኪሎ ወይም በፓውንድ ሊሆን ይችላል። ከመስጠት በፊት መለያውን ማንበብ ግድ ነው። መግፊያው ላይ ያለውን ቀለበት ሩብ ዙር አላልቶ ወደ ፈረሱ ክብደት ማንሸራተት፣ ከዚያ መልሶ ማጥበቅ ይገባል። ቀለበቱ ካልጠበቀ አንድ ግፊት ስሪንጁን በሙሉ ያራግፈዋል፤ በዕቃው ላይ ያለው ትልቁ የንድፍ ጉድለት ይህ ነው።

መጠኑ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ክብደት በዓይን ስለሚገመት ነው። የከብት ሚዛን ከሌለ በሴንቲሜትር የሚለካ ሜትር ይሠራል፦ ከፊት እግሮቹ ጀርባ የደረቱን ዙሪያ ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ጫፍ ባለው ርዝመት ማባዛት፣ ከዚያ ለ11,880 ማካፈል። የደረቱ ዙሪያ 185፣ ርዝመቱ 170 የሆነ ፈረስ 490 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ይህን ፈረስ 400 ኪሎ ነው ብሎ የሚያክም ሰው በየቀኑ ከሚያስፈልገው ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንስበታል።

ከመጠኑ ይልቅ ሕክምናውን ደጋግሞ የሚያሰናክለው ግን ሰዓቱ ነው። ኦሜፕራዞል በጨጓራ አሲድ ይፈርሳል፤ አሲድን የሚያቆም መድኃኒት ራሱ አሲድን መፍራቱ ትንሽ አስቂኝ ነው። ፔስቱ የተሠራው ይህን እንዲቋቋም ነው፤ ሆኖም ጨጓራው በድርቆሽ ተሞልቶ ከቆየ መድኃኒቱ እዚያው ይዘገያል፣ ወደ ደም የሚገባውም ያንሳል። መሥራት ያለበት ደግሞ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ፣ አሲድ ወደሚያመነጩት ሕዋሶች ተመልሶ ነው። እዚያም የሚይዘው በሥራ ላይ ያለውን የአሲድ ፓምፕ ብቻ ነው፤ ፓምፖቹን የሚያስነሣቸው ምግብ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የማታው ድርቆሽ ወደ ንጋት አካባቢ እንዲያልቅ መመጠን፣ ጠዋት ከምንም ነገር በፊት ፔስቱን መስጠት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ድርቆሽ ማቅረብ። ግልቢያው በዚያው ቀን ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ አሲዱ በደንብ የሚቀንሰው መድኃኒቱ በተሰጠባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ነውና። የማታ መጠን የሚሰጡ በረቶች መድኃኒቱን ድርቆሽ በሞላው ጨጓራ ላይ ያፈሱታል፤ ከዚያ «ፔስቱ አልሠራም» የሚል አስተያየት ይጻፋል።

አሰጣጡ ቀላል ነው። አፉ ውስጥ የቀረ ድርቆሽ ካለ ማውጣት፣ ስሪንጁን በአፉ ማዕዘን፣ ጥርስ በሌለበት ቦታ አስገብቶ ወደ ምላሱ ሥር መግፋት፣ ራሱን ጥቂት ከፍ አድርጎ እስኪውጥ መቆየት። ምላሱ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ፔስት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሬት ላይ ይገኛል። እህል ውስጥ መደባለቅ አይቻልም፤ እህሉ አሲድ ያስነሣል፣ ፈረሱም ጣዕሙን አውቆ ግማሹን ይተወዋል።

ውጤቱስ? ለ28 ቀን በሙሉ መጠን ከተሰጠ፣ የላይኛው ክፍል ቁስል ከ10 ፈረሶች ከ7 እስከ 8 ባሉት ላይ ይድናል። በታችኛው ክፍል ግን ብቻውን ሲሰጥ በዚያው ጊዜ የሚድነው ከ4 አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ለታችኛው ክፍል የተለመደው ሱክራልፌትን መጨመር ነው፤ ቁስሉ ላይ ተለጥፎ ይሸፍነዋል። መጠኑ በኪሎ 12 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው፤ ለ500 ኪሎ ፈረስ 6 ግራም፣ ማለትም ባለ 1 ግራም 6 እንክብል በአንድ ጊዜ ይሆናል። በጥቂት ውኃ አሟሙቶ በትልቅ ስሪንጅ አፉ ውስጥ ይሰጣል። ከፔስቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቆይቶ መስጠት ነው እንጂ አብሮ አይደለም። ሌሎች መድኃኒቶችንም ስለሚይዝ፣ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ፈረስ ከሆነ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አማራጭ ሚሶፕሮስቶል ነው፤ በኪሎ 5 ማይክሮግራም በቀን ሁለቴ። በታችኛው ክፍል ላይ ከኦሜፕራዞልና ሱክራልፌት ጥምረት የተሻለ ውጤት ታይቶበታል። ችግሩ ማሕፀንን ያኮማትራል፤ ለእርጉዝ ባዝራ አይሰጥም፣ እርጉዝ የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴትም በእጇ መንካት የለባትም። የሚያዘጋጀው ሰው ጓንት ያድርግ፤ እንክብሉን ሲያደቅቅ የሚነሣው ብናኝ እንዳይተነፈስ በውኃ ማሟሟት ይሻላል። ይህ ያለ ሐኪም የሚሞከር ነገር አይደለም።

አልሰርጋርድ የሚባለው የጋስትሮጋርድ ወንድም ነው፤ ውስጡ ያው ፔስት፣ ያው 37 በመቶ። ልዩነቱ ስሪንጁ በአራት መከፋፈሉና በቀን በኪሎ 1 ሚሊግራም ለመከላከያ መታሰቡ ነው። ለጉዞ፣ ለውድድር ሳምንት፣ አዲስ በረት ለሚገባ ፈረስ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ያለውን ቁስል ለማዳን ግን አንድ አራተኛው መጠን አይበቃም። በርካሽ ለማከም ብለው አንዱን ስሪንጅ ለአራት ቀን የሚያከፋፍሉ ሰዎች የሚያገኙት ይህንኑ መከላከያ መጠን ነው።

በትእዛዝ የሚቀመሙና በመስመር ላይ የሚሸጡ ርካሽ የኦሜፕራዞል ዓይነቶችን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። መድኃኒቱ በቀላሉ የሚፈርስ ስለሆነ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈው መጠን ውስጡ ካለው ጋር ሁልጊዜ አይገናኝም። ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ቡናማ የዞረ ኦሜፕራዞል ተበላሽቷል ማለት ነው። ለሰው የሚሸጠውን ካፕሱል ማሰብም ብዙ አያዋጣም፤ ለ500 ኪሎ ፈረስ 2,000 ሚሊግራም ያስፈልጋል፣ ይህም ባለ 20 ሚሊግራሙ 100 ካፕሱል ነው። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ፍሬዎች ከታኘኩ ወይም ከተደቀቁ ደግሞ ከአሲድ የሚጠብቃቸው ሽፋን ይፈርሳል።

አሁን ወደ ባልዲዎቹ። በብዛት ውስጣቸው ያለው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማግኒዥየም፣ እርሾ፣ ትንሽ ፔክቲንና ሌሲቲን፣ አልፎ አልፎም ግሉታሚን ነው። ካርቦኔቱና ማግኒዥየሙ አሲድን ያለዝባሉ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ብዙ መጠን ተሰጥቶ እንኳ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጨጓራው ሌላ አሲድ ማመንጨቱን አላቆመም። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ማለት ከ24 ሰዓት ውስጥ 20ውን ክፍት መተው ነው። ንጽጽሩ ይህ ነው፦ አንድ ኪሎ አልፋልፋ ድርቆሽ ከ12 እስከ 15 ግራም ካልሲየም ይይዛል። ያንን ለማግኘት 30 ግራምና ከዚያ በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ይጠይቃል፤ አልፋልፋው ግን በላዩ ላይ ፕሮቲን ይጨምራል፣ ሲታኘክም ምራቅ ያስወጣል። ዱቄቱ አይታኘክም። መለያው ላይ በግራም የተጻፈ ነገር ከሌለ፣ «የባለቤትነት ቅመም» የሚል ብቻ ከሆነ፣ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው።

ፔክቲንና ሌሲቲን የተሞከሩባቸው ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ነው። እሬት ከኦሜፕራዞል ጋር ሲነጻጸር አንሶ ተገኝቷል። ቤኪንግ ሶዳ ጋዝ ያበዛል፣ ሶዲየምም ያከማቻል፤ አይመከርም።

የበቆሎ ዘይት ለየት ያለ ነው። በትንንሽ ፈረሶች ላይ በቀን 45 ሚሊሊትር ተሰጥቶ አሲዱን ሲቀንስና ጨጓራን የሚከላከለውን ፕሮስታግላንዲን ሲጨምር ታይቷል፤ ጥቅሙ የሚጠበቀው በታችኛው ክፍል ነው። ዘይት በአንድ ጊዜ አይጀመርም፤ በሳምንት ተኩል ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፣ ያለበለዚያ እበቱ ይቀጥናል። ወፍራም ፈረስ ላይ ደግሞ ስብ ይጨምራል።

በስሪንጅ የሚሸጥ የኤሌክትሮላይት ፔስት ለጨጓራ ጠላት ነው። የጨው ክምችቱ ከፍተኛ ስለሆነ ደጋግሞ ሲሰጥ ቁስለትን እንደሚያባብስ ታይቷል። ላብ ያወጣ ፈረስ ጨው ያስፈልገዋል፤ ግን በውኃ በራሰ መኖ ውስጥ ተበትኖ እንጂ በባዶ ሆድ ተገፍቶ አይደለም። ሕመም ማስታገሻውም እንዲሁ ነው። ፌኒልቡታዞን የታችኛውን ክፍል መከላከያ ያደክማል፤ «ኦሜፕራዞል አብሮ ከተሰጠ ደኅና ነው» የሚለው ልማድም አደጋ አለው፤ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ የአንጀት ችግር ሲበዛ ተስተውሏልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርት ስሪንጅም ባልዲም ውስጥ የለም፤ ድርቆሽ ነው። ዝቅተኛው መጠን በቀን ከሰውነቱ ክብደት 1.5 በመቶ ደረቅ መኖ ነው። ድርቆሹ ውስጥ ያለውን እርጥበት አስበን ለ500 ኪሎ ፈረስ 8.5 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ማለት ነው፤ ሥራ ለሚበዛበት 2 በመቶ ይሻላል። በሁለት ምግብ መካከል ያለው ባዶ ጊዜ ከ6 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ይህን ማለፍ ለቁስለት ከሚያጋልጡት ነገሮች ጎላ ብለው ከሚታዩት አንዱ ነው። ገለባ ብቻውን ሲሰጥም እንዲሁ፤ ከጠቅላላው ሩብ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ውኃም በግጦሽ ቦታው ሳይቀር ያለ ገደብ መኖር አለበት።

እህል ላይ ሒሳቡን መያዝ ይገባል። በአንድ ምግብ የስታርች ጣሪያ በኪሎ ክብደት 1 ግራም፣ በቀን 2 ግራም ነው። ለ500 ኪሎ ፈረስ በአንድ ጊዜ 500 ግራም ስታርች ማለት ነው፤ ይህ በአጃ 1.25 ኪሎ አካባቢ፣ በገብስ 900 ግራም አካባቢ፣ በበቆሎ 750 ግራም አካባቢ ይሆናል። ጣሳው አንድ ቢሆንም እህሉ አንድ አይደለም፤ በአጃ የለመደውን ጣሳ በበቆሎ የሚሞላ ሰው ስታርቹን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በቆሎ ከአጃ ይከብዳልና። ስለዚህ ጣሳውን ትቶ በሚዛን መስጠት ነው። ሞላሰስ ከበዛበት መኖ ይልቅ ስኳሩ የወጣለት የቢት ቅሪት በውኃ ተዘፍዝፎ ቢሰጥ ይመረጣል።

ከግልቢያ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ 2 ሊትር ገደማ የተከተፈ አልፋልፋ ወይም ድርቆሽ መስጠት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጨጓራው ውስጥ እንደ ምንጣፍ ተንሳፍፎ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይረጭ ያግዳል። በባዶ ሆድ መጋለብን ማቆም ብዙ ዱቄት ከመግዛት ይቀድማል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ከጡት በተጣሉ ውርንጭላዎች ላይ ሻካራ የአልፋልፋ ክታፍ የጨጓራውን መውጫ አካባቢ እንዳቆሰለ ታይቷል፤ ለእነሱ ረጅሙ ድርቆሽ ይሻላል። በታችኛው ክፍል ለሚታመም ፈረስ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሁለት የዕረፍት ቀን መስጠት ከመድኃኒቱ ጋር የሚቆጠር ሕክምና ነው።

ድርቆሹን የሚያዘገይ መረብ ከተጨማሪ ዕቃዎች ሁሉ የመጀመሪያው ግዢ ቢሆን ያዋጣል። ቀዳዳው 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ፈረሱ ይበሳጫል፣ ገመዱን መንከስ ይጀምራል። ብረት ጫማ ያለው ፈረስ ከሆነ መረቡ ባዶ ሆኖ ሲንጠለጠል እንኳ ኮቴው እንዳይደርስበት ከፍ ብሎ መታሰር አለበት፤ መሬት ላይ የተጣለ መረብ እግር ይይዛል። ሁለት መረብ በጋጣው ሁለት ማዕዘን መስቀል አንዱን ትልቅ ከመስቀል ይሻላል። ማታ ሲሞላ በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኖ ጠዋት የቀረውን ማየትም ስንት ሰዓት እንደበቃው ያሳያል።

የፔስቱ ኮርስ ሲያልቅ በአንድ ቀን ማቆም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። አሲዱ ለሳምንታት ሲታፈን ጋስትሪን የሚባለው አሲድ አስነሺ ሆርሞን ከፍ ይላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም አሲዱ ተመልሶ ይጎርፋል። ሥልጠናው ሳይቀንስ በዚያው ሳምንት ያቆሙ ፈረሶች የላይኛው ክፍል ቁስላቸው በቀናት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። የአሜሪካው መለያ ከ4 ሳምንቱ ሕክምና በኋላ በኪሎ ወደ 2 ሚሊግራም ዝቅ አድርጎ ቢያንስ ሌላ 4 ሳምንት መቀጠልን ያስቀምጣል፤ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በየደረጃው እየቀነሱ ያስወጣሉ። መጠኑ ዝቅ በሚልበት ሳምንት ግልቢያውን ማለዘብና አልፋልፋውን መጨመር ይጠቅማል። ተወዳዳሪ ፈረስ ከሆነ መድኃኒቱ ከውድድር ቀን በፊት መቼ መቆም እንዳለበት የሚመለከተውን የስፖርት አካል ደንብ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጋስትሮስኮፒ መሠራት ያለበት ገና ሙሉው መጠን እየተሰጠ ነው፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ከታየ ያልዳነውን ቁስል ከተመለሰው መለየት አይቻልም።